ከ625 መስመር ወደ 1080፦ የቴሌቪዥን ምስልና የዲስክ ማጫወቻ ታሪክ ከጭልሞ ግርጌ ሲታይ

የዚህ መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥንና ከእርሱ ጋር ስለሚስማማ የዲስክ ማጫወቻ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ፣ በመጀመሪያ የታሰበኝ ለገበያ የሚሆን ምክር መስጠት ብቻ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩን እየመረመርሁ በሄድሁ መጠን ምክሩ ያለ ታሪኩ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አንድ ማጫወቻ ከአንድ ቴሌቪዥን ጋር አልስማማ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ደኅና ናቸው፤ የሚያጣላቸው የተወለዱበት ሥርዐት ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ ሥርዐቱ ከየት እንደመጣና ወደ አገራችን እንዴት እንደገባ፣ ቀጥሎም ማጫወቻ የሚመርጥ ሰው ምን መመርመር እንዳለበት ለማብራራት እሞክራለሁ።

የአክስቴ የሠርግ ዲስክ

ያደግሁት ከጭልሞ ደን ግርጌ፣ በጊንጪ ከተማ ነው። በ1997 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን፣ በዋሽንግተን ከተማ የምትኖረው አክስቴ የሠርጓን ዲቪዲ በመንገደኛ እጅ ላከችልን። አያቴ፣ በቤታችን አጠራር አኮ፣ ልጃቸውን ካዩ 8 ዓመት አልፏቸው ነበርና ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዲስኩ ተከፈተ። ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ። ምስሉ ግን ቀለም አልነበረውም፤ በዚያ ላይ ከታች ወደ ላይ እየተንከባለለ ዐይን የሚያደክም ሆነ። አኮ ዐይናቸውን ከመስታወቱ ሳይነቅሉ «የካባዋ ቀለም ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የመለሰላቸው አልነበረም።

በማግሥቱ አባቴ ማጫወቻውን ይዞ ወደ አንድ ጠጋኝ ሄደ። ጠጋኙም «ራሱ አርጅቷል» ብሎ ሌላ ማጫወቻ ሸጠለት። አባቴ በመምህርነት ደመወዝ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነበርና ግዢው ቀላል አልነበረም። አዲሱም ማጫወቻ ያንኑ ግራጫ ምስል አሳየን። ዲስኩም ተበላሽቷል ተብሎ በመሳቢያ ተቀመጠ።

ነገሩ የገባኝ ከ5 ዓመት በኋላ በዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ሳለሁ ነው። ዲስኩ አልተበላሸም ነበር፤ የመጀመሪያውም ማጫወቻ አላረጀም ነበር። በማጫወቻው የማስተካከያ ገጽ ላይ ገብቶ የምስሉን ሥርዐት ወደ «ፓል» መለወጥ ብቻ ይበቃ ነበር። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ግን አኮ አርፈው ነበር።

የ625 መስመር አመጣጥ

ያ ዲስክ ለምን ግራጫ እንደሆነ ለመረዳት 40 ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። የመሣሪያና የሙያ ርዳታ የሰጠው ቶምሰን የተባለው የብሪታንያ ድርጅት ሲሆን፣ ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ተቋቋመ። ምስሉም ጥቁርና ነጭ ነበር።

በዚያን ጊዜ ብሪታንያ ራሷ በሁለት ሥርዐት መካከል ትገኝ ነበር። በአንድ በኩል አሮጌው የ405 መስመር ሥርጭት ገና ይሠራ ነበር፤ በሌላ በኩል ሁለተኛው የቢቢሲ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1964 በ625 መስመር ሥራ ጀምሯል። ብሪታንያ አሮጌውን ሥርጭት ጨርሳ የዘጋችው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ ይኸውም በሕዝብ እጅ የነበሩትን ተቀባዮች በአንድ ጊዜ መጣል ስላልቻለች 20 ዓመት ያህል ሁለት ሥርዐት ጎን ለጎን ተሸክማ ኖረች ማለት ነው። ኢትዮጵያ ግን ዘግይታ በመጀመሯ የአሮጌውን ዕዳ ሳትሸከም በቀጥታ ወደ 625 መስመር ገባች። መዘግየት አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥቅም አለው።

«መስመር» የምንለው ምስሉ ከላይ ወደ ታች የሚነበብበትን ረድፍ ነው። ከ625ቱ መስመሮች ለዐይን የሚታዩት 576 ሲሆኑ፣ የቀሩት ለማቀናበሪያ ምልክት ያገለግላሉ። ሙሉ ምስል በሰኮንድ 25 ጊዜ ይታደሳል፤ ነገር ግን ብልጭታው ዐይንን እንዳያስቸግር እያንዳንዱ ምስል በሁለት ተከፍሎ፣ በመጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ስለሚላኩ በሰኮንድ 50 ግማሽ ምስሎች ይደርሱናል። 50 የሚለው ቁጥር የተመረጠው በአውሮፓ የኤሌክትሪክ ኀይል በሰኮንድ 50 ዙር ስለሚያደርግ ነው፤ የእኛም ኀይል እንዲሁ ነው። በአሜሪካ ግን ኀይሉ 60 ዙር ስለሆነ ቴሌቪዥኑም 525 መስመርና 60 ግማሽ ምስል ሆነ።

ቀለም ሲመጣ ልዩነቱ ሰፋ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 ኤንቲኤስሲ የተባለውን የቀለም ሥርዐት አጸደቀች። በጀርመን የቴሌፉንከን ድርጅት መሐንዲስ የነበረው ቫልተር ብሩኽ ደግሞ ፓል የተባለውን ሥርዐት አዘጋጅቶ፣ ጀርመንና ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1967 በዚሁ ማሰራጨት ጀመሩ። በአገራችን መደበኛ የቀለም ሥርጭት የተጀመረው በ1976 ዓ.ም. መጨረሻና በ1977 መባቻ ላይ፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ በተመሠረተበት ሰሞን ሲሆን፣ የተመረጠውም ፓል ነው።

እንግዲህ የአክስቴ ዲስክ በ525 መስመርና በ60 ግማሽ ምስል የተቀዳ ነበር። የእኛ ቴሌቪዥን 50 ሲጠብቅ 60 ስለመጣበት ምስሉ ተንከባለለ። የቀለሙን መልእክት በ4.43 ሜጋኸርዝ ላይ ሲፈልግ መልእክቱ ያለው በ3.58 ሜጋኸርዝ ላይ ስለነበር ቀለሙን አጣው። የካባው ቀለም በዲስኩ ላይ ነበረ፤ የእኛ ቴሌቪዥን ግን በሌላ ቦታ ይፈልገው ነበር።

ተራራና ሞገድ

የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ከቴሌቪዥን ጋር የነበራቸው ግንኙነት ከመጀመሪያው አስቸጋሪ ነበር። የቴሌቪዥን ሞገድ እንደ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ከሰማይ ተንጸባርቆ ሩቅ አገር አይደርስም፤ በአብዛኛው የሚጓዘው ቀጥ ብሎ ነው። በሜዳ ላይ 100 ሜትር ከፍታ ያለው ማሰራጫ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ወደተተከለ አንቴና የሚደርሰው እስከ 54 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አምቦ ግን ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በመካከሉም የወጨጫ ተራራና ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር የሚደርሰው የጭልሞ ሸንተረር ይገኛሉ። ስለዚህ ምስሉ በየተራራው ላይ በሚተከል ማቀበያ እየተነሣ ካልተሸጋገረ በስተቀር ከሸንተረሩ ማዶ ያለው ሰው በረዶ ከሚመስል ነጠብጣብ በቀር የሚያየው አልነበረም። በረዥም አጣና ላይ አንቴና ሰቅሎ አንዱ ልጅ ውጪ ቆሞ ሲያዞር፣ ሌላው በመስኮት «መጣ! ሄደ!» እያለ መጮኹን የማያስታውስ የአካባቢያችን ሰው ጥቂት ነው።

ይህን ችግር በከፊል የፈታው ሳተላይት ነው። የአገራችን ጣቢያዎች ለብዙ ዓመታት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ካለው የናይልሳት መሥመር ይታዩ ነበር። ከአምቦ ሆኖ ወደዚያ የሚያይ ዲሽ ከአድማስ 38 ዲግሪ ያህል ብቻ ቀና ይላል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ጣቢያዎቹ ኢትዮሳት በተባለው አገልግሎት አማካይነት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደምትገኘው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት ሲዛወሩ፣ ዲሹ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ወደ 65 ዲግሪ ያህል ቀና አለ። በዚህ ከፍታ ወጨጫም ሆነ ጭልሞ የሚጋርዱት ነገር የለም። በመሬት ሞገድ ለአርባ ዓመታት ሲያስቸግር የነበረው ተራራ ከስሌቱ ወጣ። ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስልም ወደ ከተሞቻችን በሰፊው የገባው በዚሁ በሰማይ መንገድ ነው።

ከፍተኛ ጥራት ማለት ምን ማለት ነው?

የከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥን ታሪክ ከእኛ ታሪክ ጋር በአንድ ዓመት ይገናኛል። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ማለትም የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከመጀመሩ 12 ቀን በፊት ነው። የጃፓን የስርጭት ድርጅት ኤንኤችኬ መሐንዲሶች ከዚያ ኦሊምፒክ በኋላ «ቀጣዩ ቴሌቪዥን ምን ይምሰል?» ብለው ጥናት ጀመሩ። እኛ የመጀመሪያውን ምስል ስናይ፣ ሌላው ወገን ያንን ምስል የሚተካውን መመርመር ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

የጃፓኖቹ ጥናት 1,125 መስመር ያለው ሥርዐት አስገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የዕለት የሙከራ ሥርጭት ተጀመረ። ነገር ግን ያ ሥርዐት ገና የአናሎግ ነበርና የሚፈልገው የሞገድ ስፋት ለመደበኛ የመሬት ማሰራጫ የማይመች ሆነ። መፍትሔው የመጣው ምስሉን ወደ ቁጥር ለውጦ በማመቅ ነው። የማመቂያው ዘዴ በአጭሩ ይህ ነው፦ በአንድ ምስልና በሚቀጥለው መካከል ያልተለወጠው ክፍል እንደገና አይላክም፤ የተንቀሳቀሰው ብቻ ይላካል። በዚህ መንገድ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 የዲጂታል ቴሌቪዥን ደንቧን አጸደቀች፤ ሌሎችም በየራሳቸው ደንብ ተከተሉ።

ዛሬ ከፍተኛ ጥራት የሚባሉት ሁለት ናቸው፦ 1,280 በ720 እና 1,920 በ1,080 የምስል ነጥብ ያላቸው። ልዩነቱን በቁጥር እንመልከት። የቪሲዲ ምስል 352 በ288፣ ማለት 101,376 ነጥብ ብቻ አለው። የፓል ዲቪዲ 720 በ576፣ ማለት 414,720 ነጥብ አለው። ሙሉው ከፍተኛ ጥራት 2,073,600 ነጥብ ሲሆን፣ ይህም የዲቪዲው በትክክል 5 እጥፍ፣ የቪሲዲው ደግሞ 20 እጥፍ ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን ዐይንን አያታልል። ጤነኛ ዐይን ለይቶ የሚያየው የአንድ ዲግሪን አንድ ስድሳኛ ያህል ስፋት ነው። ከዚህ ተነሥተን ስናሰላ የ1,080 መስመርን ጥቅም ሙሉ በሙሉ ለማየት ከቴሌቪዥኑ የምስል ቁመት 3.2 እጥፍ በላይ ርቆ መቀመጥ አይገባም። የ32 ኢንች ቴሌቪዥን የምስል ቁመት 40 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ርቀቱ 1 ሜትር ከ30 ያህል ይሆናል። ከ2 ሜትር ከ40 በላይ ርቆ ለሚቀመጥ ሰው ግን ጥሩ ሆኖ የተዘጋጀ ዲቪዲና ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል በዚያው ቴሌቪዥን ላይ ልዩነታቸው እጅግ ጥቂት ነው። በተጨማሪም በገበያ ያሉት ብዙዎቹ የ32 ኢንች ቴሌቪዥኖች 1,366 በ768 ነጥብ ያላቸው መሆናቸውን ማወቅ ይጠቅማል። እንግዲህ አንድ ባልደረባ በአነስተኛ ሳሎን ለሚያስቀምጠው መሣሪያ ብዙ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሜትር ይዞ ርቀቱን ቢለካ መልካም ነው።

ዲስኩና ብርሃኑ

ዲስክ የሚነበበው በሌዘር ብርሃን ነው። የብርሃኑ ሞገድ ባጠረ መጠን በዲስኩ ላይ የሚቀረጸው ጉድጓድ ይደቅቃል፤ በአንድ ዲስክ ላይ የሚሰፍረውም መልእክት ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ 780 ናኖሜትር ርዝመት ባለው ብርሃን የሚነበብ ሲሆን 700 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በ1996 በጃፓን የወጣው ዲቪዲ በ650 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። በ2006 የወጣው ብሉ ሬይ ደግሞ በ405 ናኖሜትር ሰማያዊ-ሐምራዊ ብርሃን በአንድ ንጣፍ 25 ጊጋባይት ይይዛል።

እነዚህ ቁጥሮች በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። ለሁለት ሰዓት ፊልም በሰኮንድ 5 ሜጋቢት ብንመድብ 4.5 ጊጋባይት ይሆናል፤ በአንድ ዲቪዲም ይገባል። ለከፍተኛ ጥራት በሰኮንድ 25 ሜጋቢት ብንመድብ 22.5 ጊጋባይት ይሆናል፤ በአንድ ብሉ ሬይ ይገባል። በሲዲ ላይ የሚቀዳው ቪሲዲ ግን ከ80 ደቂቃ በላይ አይዝም። በከተሞቻችን ቪዲዮ ቤቶች ፊልሙ መካከል ላይ ሲደርስ ተቋርጦ «ዲስክ ሁለት» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነበር።

የብሉ ሬይ መውጣት ያለ ፍልሚያ አልነበረም። በዚያው በ2006 ኤችዲ ዲቪዲ የሚባል ተወዳዳሪ ወጥቶ ሁለቱም ሰማያዊ-ሐምራዊ ብርሃን ይጠቀሙ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን ዲስክ አያነብም። ዋናው ደጋፊ ቶሺባ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2008 ከውድድሩ ሲወጣ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ኤችዲ ዲቪዲ የገዛ ሰው ሁሉ አዲስ ፊልም የማይወጣለት ማጫወቻ ይዞ ቀረ። አባቴ በአንድ ጠጋኝ ቤት የከፈለውን ዓይነት ዋጋ፣ በሌላው ዓለም ብዙ ሺህ ሰዎች በትልልቅ ኩባንያዎች ፉክክር ምክንያት ከፍለውታል።

መስማማት በሦስት ደረጃ

ማጫወቻ የሚመርጥ ባልደረባ ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል እንዲመረምር እመክራለሁ።

የመጀመሪያው ዲስኩና ብርሃኑ ነው። የብሉ ሬይ ማጫወቻ ዲቪዲና ሲዲን እንዲያነብ ተጨማሪ የሌዘር ብርሃን ተሠርቶለታል፤ የዲቪዲ ማጫወቻ ግን ብሉ ሬይን በፍጹም አያነብም። ቪሲዲን በሚመለከት ሁሉም የብሉ ሬይ ማጫወቻዎች እኩል ስላልሆኑ፣ የቆዩ የዘፈን ቪሲዲዎች ያሉት ሰው አንዱን ይዞ ሄዶ በሱቁ ውስጥ ቢሞክር ይሻላል።

ሁለተኛው ሥርዐትና ክልል ነው። የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በክልል ከፍለው ዲስኩንና ማጫወቻውን በቁጥር ያስራሉ። በዲቪዲ አከፋፈል አሜሪካና ካናዳ ክልል 1፣ አውሮፓና ጃፓን ክልል 2 ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሩሲያና ከሕንድ ጋር በክልል 5 ትገኛለች። በብሉ ሬይ አከፋፈል ደግሞ አሜሪካ በ«ኤ»፣ እኛ ከአውሮፓ ጋር በ«ቢ» ነን። በቤት የተቀዳ የሠርግ ዲስክ የክልል ቁጥር የለውም፤ የፓልና የኤንቲኤስሲ ልዩነት ግን ይኖረዋል። ስለዚህ ከአሜሪካ ዘመድ የሚላክ ማጫወቻ፣ ስጦታው የተወደደ ቢሆንም፣ በአገራችን የተቀዱትን የፓል ዲስኮች እምቢ ሊል ይችላል። ከዚያም በፊት ከጀርባው የተጻፈውን የኤሌክትሪክ ቮልት ማንበብ ያስፈልጋል፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል መሣሪያ በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል። በአንጻሩ በአውሮፓና በመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ የሚሸጡት አብዛኞቹ ማጫወቻዎች ሁለቱንም ሥርዐት ያጫውታሉ።

ሦስተኛው ገመድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ቢጫ ጫፍ ያለው የተለመደው ገመድ ከፍተኛ ጥራትን ሊሸከም አይችልም። ከፍተኛ ጥራት ያለው ሪሲቨር ወይም ብሉ ሬይ ገዝቶ በቢጫው ገመድ የሚያገናኝ ሰው አዲስ ዋጋ ከፍሎ የ1957 ዓ.ም.ን የመስመር ብዛት ይመለከታል። የሚያስፈልገው ኤችዲኤምአይ የተባለው ገመድ ነው። በተቃራኒው የቆየ፣ ወፍራም መስታወት ያለው ቴሌቪዥን ብቻ ያለው ሰው አዲስ ብሉ ሬይ ባይገዛ ይሻላል፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ማብቂያ በኋላ የተሠሩት የብሉ ሬይ ማጫወቻዎች የቢጫውን ገመድ መሰኪያ ትተውታልና።

ማጠቃለያ

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ የዲስክ ዘመን ራሱ እየተጠናቀቀ መሆኑን መደበቅ አይገባም። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች ፉናይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 ሥራውን አቁሟል። ሳምሰንግ በ2019 አዲስ የብሉ ሬይ ማጫወቻ ማውጣቱን ተወ። ሶኒም በየካቲት 2025 ባዶ የብሉ ሬይ ዲስክ ማምረቱን አቆመ። ዛሬ ፊልም ለማየት ብቻ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው፤ ሳተላይቱ፣ ፍላሹና ስልኩ ቦታውን ወስደውታል።

ታዲያ ማጫወቻ መምረጥ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ከጊንጪ እስከ ባኮ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ የሠርግ፣ የምረቃ፣ የተዝካር ካሴቶችና ዲስኮች በየቤቱ ተቀምጠዋል። የካሴቱ ማግኔት ይደክማል፤ ሻጋታ ያገኘዋል፤ በቤት የተቀዳው ዲስክ ቀለም በሙቀትና በፀሐይ ይበላሻል። ከሁሉ በፊት ግን የሚጠፋው የሚያነባቸው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በየቅርንጫፋችን አንድ የሚሠራ የቪኤችኤስ ዴክና ፓልንም ኤንቲኤስሲንም የሚያነብ አንድ ማጫወቻ ይኑር፤ የአካባቢው ሰው ካሴቱንና ዲስኩን አምጥቶ በመጀመሪያው ጥራቱ ወደ ፋይል ያስገልብጥ። ሥራው ትልቅ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው እውቀትና ጥቂት ቅዳሜዎችን ነው።

የአክስቴን ዲስክ ባለፈው ዓመት ከመሳቢያው አውጥቼ ገለበጥሁት። ካባው ሐምራዊ ነው፤ ጥልፉም ወርቅማ።